አባባ፣ «እንዳትነግሪያቸው» የተባልኩትን ልንገርዎት

ውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? ግፊቱስ? የእግርዎ እብጠትስ ቀለል አለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባሕር ማዶ ድረስ የሚደውል ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። ስንደዋወል እትዬ ሁልጊዜ ከጎንዎ ናት። ድምፁም ስፒከር ላይ ነው። እርስዎም «ደህና ነኝ፣ ልጆቹስ?» ይሉና ወሬው እዚያው ያልቃል። ይህን ግን ለብቻዎ ሆነው፣ መነጽርዎን አድርገው፣ ቀስ ብለው እንዲያነቡልኝ ፈለግሁ። ፊደሉን ያተለቅሁት፣ በሰው እጅም የላክሁት ለዚያ ነው። አብሮት ያለው ሽሮ ጨው የለውም። ለእርስዎ ብቻ ያስፈጨሁት ስለሆነ ከቤቱ ሽሮ ጋር እንዳይቀላቀል።

ልጆቹ ደህና ናቸው። ትልቋ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። መብራት ሲጠፋ እንኳ በሻማ ታጠናለች። በዚህ እርስዎን ነው የወጣችው። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወልቆ ጣሪያ ላይ ወርውረናል። «አባባ ሳይመጡ ከበቀለ ድዴን መቼ ያዩታል?» ብሎ ፎቶ አስነሳኝ። ፖስታው ውስጥ አለ። የጓዳው ጣሪያ ግን አሁንም ያፈሳል። ከክረምት በፊት ሁለት ቆርቆሮ መቀየር ሳይኖርብኝ አይቀርም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ካሜራዬን ይዤ እወጣለሁ። ባለፈው በስልክ «ለቆመ ሰው ፎቶ አጥተሽ ነው መቃብር ለመቃብር የምትዞሪው?» ብለውኝ ነበር። መልስ ሳልሰጥዎ መስመሩ ተቋረጠ። አሁን ልመልስልዎት።

መጀመሪያ የሳበኝ ሕንፃው ነበር። እንጦጦ ማርያምን የማነሳት ጠዋት፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን ነው። ምኒልክ በጥቅምት 1882 የነገሡባት ናት፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ስምንት ማዕዘን ስለሆነች ፀሐይዋ ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየዞረች ቀለሙን ተራ በተራ ታወጣዋለች። አስተዳዳሪውን ሳላስፈቅድ ካሜራ አላወጣም። ነጠላዬን ተጣፍቼ ነው የምገባው። ቅዳሴ ላይ አላነሳም። ወደ መቅደሱም ሌንሴን አላዞርም። ስለዚህ በዚህ በኩል አይስጉብኝ፤ ያሳደጉኝን አልረሳሁም።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ግቢው ወረደ። የአሮጌ ደብር ግቢ ያውቃሉ፣ ጽዱና ወይራው ሥር ምን የሌለ አለ? የፊታውራሪው መቃብር ቤት ቆርቆሮው ዝጎ፣ ውስጡ አንዲት መነኩሴ ጀበናቸውን ጥደው ይኖሩበታል። የባላምባራሱ ድንጋይ ተሰንጥቆ ስማቸው ለሁለት ተከፍሏል። ስም የሌለው፣ የብረት መስቀል ብቻ የተተከለበት ደግሞ ስፍር ቁጥር የለውም።

የደበዘዘ የድንጋይ ጽሑፍ በቀትር ፀሐይ አይነበብም። ብርሃኑ ከላይ ሲወርድበት ሁሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወይም አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ ከጎን ስትመታው፣ ጥላው ቅርጹ ውስጥ ይተኛና ፊደሉ ይነሳል። ፀሐይ የማይደርስበት ጎን ከሆነ ባለቤቴ መስታወት ይዞ ብርሃኑን ይመልስልኛል። ሰው በሽቦ ብሩሽ ሲፍቅ ሳይ እቆጣለሁ። የድንጋዩን ሽበት ከነፊደሉ ነው የሚያነሳው። ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ታዲያ ማንም የማያውቃቸው የአንዲት ወይዘሮ የክርስትና ስም ፊቴ ላይ ብቅ ሲል ደስታዬ ልክ የለውም። ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ለስንት ዘመን ያልተጠራ ስም ነው።

ድንጋዩ ላይ የሚለጠፈው ፎቶም ሁለት ዓይነት ነው። በሸክላ ላይ በእሳት የተሠራው ፀሐይም ዝናብም አይነካውም። በመስታወት ሥር የተለጠፈው ግን አይቆይም። የእማዬ በመስታወት ሥር ያለው ነው። ውሃ ገብቶበታል አባባ። ፊቷ ነጥቷል። የቀረው የነጠላዋ ጥለት፣ የግራ ቅንድቧና ማተቧ ነው። ሌንሱን አስጠግቼ አንስቼዋለሁ። እርስዎ በዜኒቷ ካሜራ ጓሮ ኮኩ ሥር ያነሷት ነው፣ ያን ሰሞን። ፊልሙ የት እንዳለ ካስታወሱ ይንገሩኝ፤ በሸክላ ላሠራው እፈልጋለሁ።

ሥላሴ ካቴድራል ግቢም ሄጄ ስልቪያ ፓንክረስትን አንስቻታለሁ። በወረራው ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የጮኸችው እንግሊዛዊት። በ1953 በመስቀል ቀን ነው አዲስ አበባ ላይ ያረፈችው። ሀገሯን ትታ እዚህ፣ ከአርበኞቻችን ጋር ተኝታለች። መቃብሯ አጠገብ ቆሜ ልዑል ዓለማየሁን አሰብኩ። እሱ ደግሞ በ1872 እንግሊዝ ሀገር በለጋ ዕድሜው ሞቶ ዊንድዘር ቀረ። አጽሙ ይመለስ ተብሎ ተጠይቆ ቤተ መንግሥታቸው በ2015 አይሆንም አለ። ይህን ለምን እንዳነሳሁት ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

በዓታ ለማርያም ምድር ቤት ስወርድ ግን ካሜራዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምኒልክ መሃል፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ግራና ቀኝ፣ ሁሉም በእብነ በረድ። እምዬ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ነው። ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም። አስከሬናቸው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተሸሽጎ ቆየ። ወደ በዓታ የመጡት በኋላ፣ ልጃቸው ዘውዲቱ ይህን ካሠሩ በኋላ ነው። ጃንሆይም ቢሆኑ በ1984 አጽማቸው ከቤተ መንግሥት ወለል ሥር ወጥቶ እዚሁ በዓታ ቆየ። ሥላሴ የገባው ጥቅምት 1993 ነው። ያን ቀን በቴሌቪዥን አብረን አይተናል። እማዬ ምን ያህል እንዳለቀሰች ያስታውሳሉ። እኛ «ቡናው ሊገነፍል ነው» ስንላት እንኳ አልሰማችንም።

የምኒልክን ሞት የደበቁት መንግሥት እንዳይናወጥ ነው። የእማዬን ሞት እኔ ላይ የደበቁት ፈተና እንዳላበላሽ ነው።

ይህን ጽፌ ትንሽ ቆየሁ። ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት።

አባባ፣ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። ዩኒቨርሲቲ ደውለው «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ አትምጪ፣ ፈተናሽን ጨርሺ» አሉኝ። ያኔ እማዬ አፈር ለብሳ ነበር። እኔ ዶርም ውስጥ የላምባ መብራት ይዤ ሳጠና እናንተ ሰልስት አውጥታችኋል። እቤት ደርሼ አደርኩ። ወጥ ቀርቦልኝ በላሁ። «እማዬ ሆስፒታል ናት፣ ጠዋት እንሄዳለን» ተባልኩ። ሊነጋጋ ሲል ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ሳሎን ሞልተው ተቀሰቀስኩ። እትዬ ሻሿ ጥቁር ነበር። እርስዎ መስኮቱን እያዩ ቆመው ነበር። ዘወር ብለው አላዩኝም።

ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሰው በመንገድ ላይ እንዳይሰማ፣ ብቻውን እንዳይጎዳ ተብሎ ነው። ለኔ ብለው እንዳደረጉትም አምናለሁ። ግን አልቀበርኳትም። አፈር አልጣልኩም። የቀብሯ ቀን ዝናብ ነበረ ወይስ ፀሐይ፣ ማን ተሸከማት፣ ከየትኛው በር ገባች፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለመቃብር ያለኝ ፍቅር ከየት መጣ ብለው ከጠየቁኝ ከዚያ ነው የመጣው። ያንን ፈተና ደግሞ አልፌዋለሁ። ምን እንደተጠየቅሁ እንኳ አላስታውስም።

አስተምረውኛል፣ አሳድገውኛል፣ ለሠርጌ የሸጡትን መሬት አልረሳም። ይህን ሁሉ አውቄ ነው የምጽፍልዎት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እማዬ ያለችበት ደብር በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። በምሥራቅ በኩል ያሉት መቃብሮች ይነሳሉ፤ ቦታው ለሕንፃ ተፈልጓል። ቤተሰብ ያለው እስከ ሰኔ መጨረሻ አጽም ያንሳ ይላል። ማስታወቂያውን አንስቼ ለእትዬ ላክሁላት። የመለሰችልኝ «እንዳትነግሪያቸው፣ ልባቸው አይችልም፣ ራስሽ ጨርሺው» የሚል ነው።

እትዬን አይቆጧት። ስለምትሳሳልዎ ነው። ከሥራ ወጥታ እርስዎን የምታመላልሰው እሷ ናት፤ እኔ ከዚህ ሆኜ ማውራት ብቻ ነው። ግን አልቻልኩም። እኔ ላይ የተደረገው እርስዎ ላይ በኔ እጅ እንዲደረግ አልፈልግም። ሚስትዎ ናት። ከቦታዋ ስትነሳ ሊያውቁ ይገባል።

ሰነዱም ያለ እርስዎ አይሆንም። የቦታው ደረሰኝ በስምዎ ነው። የቆርቆሮው ሳንዱቅ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት ከእድር ደብተሩ ጋር ይሆን? ደብሩ የባለ ደረሰኙን ፊርማ ወይም ውክልና ይፈልጋል። ውክልናው ኤምባሲ ሄዶ የሚሠራ ስለሆነ ቀን ይወስዳል፤ ለሰኔ የቀረው ደግሞ ብዙ አይደለም።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው እዚያው ግቢ ፉካ መግዛት ነው። ግድግዳው ሥራ አምሮበታል፣ ንጹሕ ነው፣ ማንም አያስነሳትም ብለውኛል። ልጆቼን ይዤ በየበዓሉ መሄድ እችላለሁ። ሁለተኛው አንኮበር፣ ከእናቷ ጎን መውሰድ ነው። እሷ በሕይወት እያለች ምን ትል እንደነበር ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። መንገዱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለችው አርባ ኪሎ ሜትር አጭር ብትሆንም፣ ዛሬ ሄደን ዛሬ እንመለሳለን ማለት ያስቸግራል።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ስዞረው የነበረው እሱ ነው።

የእትዬ ትንሹ ልጅ ባለፈው በቪዲዮ «አያቴ በሳምንት ሦስቴ ደሙ ይታጠባል» አለኝ። እትዬ ስልኩን ቶሎ ተቀበለችው። እኔም ምንም እንዳልሰማሁ ሆንኩ። አባባ፣ እጥበት ጀምረዋል ማለት ነው? ከመቼ? ለምን አልነገሩኝም? አሁን ደግሞ ምን ፈተና አለብኝ?

እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። የልጆች እናት ነኝ። የሚሆነውን በሚሆንበት ሰዓት ልስማ። ሽማግሌ በንጋት እንዳይመጣብኝ። ሲያምዎ አመመኝ ይበሉኝ፣ ሲፈሩም ፈራሁ ይበሉኝ። ከዚህ ሆኜ ምንም ባላደርግ፣ ቢያንስ ማወቄ ለኔ ብዙ ነው።

እንዲህ ከሆነ ሳይመጡ ሊቆዩ ይችላሉ። ሳይመጡም... ልጽፈው አቃተኝ። ዓለማየሁን ያነሳሁት ለዚህ ነበር። እዚያ ሀገር ብዙ ወገን አለ፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ፣ የልጅ ልጆችዎም እዚያ ናቸው። እዚያ ልረፍ ቢሉ አልከፋም፤ እውነቴን ነው። ወደ ሀገሬ መልሱኝ ቢሉም ወጪውን ከእትዬ ጋር ተመካክረን እንችለዋለን። ብቻ ሳንጠይቅዎት ቀርተን በኋላ በግምት እንዳንወስንብዎ እፈራለሁ።

ስለዚህ ልጠይቅዎት። ፉካ ከተባለ ስንት ልያዝ? አንድ ወይስ ሁለት?

ከተቆጡኝ በስልክ ይቆጡኝ፤ መልሱን ግን በእትዬ በኩል አይላኩብኝ። እሁድ በእናንተ ጠዋት እደውላለሁ። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆሙ ወዲህ በዚያ ሰዓት ብቻዎን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ረጅም ማውራት አይጠበቅብዎትም። ፉካ ወይም አንኮበር፣ አንድ ወይም ሁለት ይበሉኝ። የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ። እማዬ ስትነሳም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እዚያው ቆሜ አነሳዋለሁ፤ ለእርስዎም እልክልዎታለሁ።

ልጅዎ