ይድረስ ለ1.96

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምክ? ልጅህ ከተወለደች ወዲህ ደጅህን አልረገጥኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። ሰበብ ልደረድር ብዬ የጀመርኩትን ወረቀት ቀድጄዋለሁ፤ ስንገናኝ ትቆጣኛለህ።

የጻፍኩልህ በመዳብ ምክንያት ነው። አትሳቅ።

ያን ተማሪ ሳለን የሠራነውን የመዳብ ዙር፣ መዳቡን በአሲድ አሟሙተን መጨረሻ ላይ መልሰን መዳብ የምናደርግበትን ሙከራ፣ ዘንድሮ ለልጆቹ አሠራሁ። 2 ግራም ሽቦ በናይትሪክ አሲድ፤ ቡናማው ጭስ መርዝ ነውና ሜዳ ወጥተን፣ ነፋሱን ከጀርባችን አድርገን። ከዚያ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲፈስበት ያ ሰማያዊ እርጎ መጣ። ሲሞቅ ጠቁሮ የቡና አተላ መሰለ። በሰልፈሪክ አሲድ መልሶ ሰማያዊ ሆነ፣ ዚንክ ሲገባበት ውሃው ቀለሙን እየጣለ መዳቡ ከሥር ቀላ። እስከዚህ ሰላም ነው።

ጣጣው ማድረቁ ላይ ነው። የደሴን ጉም ታውቀዋለህ፣ የታጠበ ካልሲ እንኳ በሦስት ቀን አይደርቅም። አንዲት ተማሪዬ ቸኩላ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ጣደችው። ዳር ዳሩ ጠቆረ። ብትመዝነው 2.27 ግራም!

«ቲቸር፣ መዳብ ይወልዳል እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አልወለደማ! ሲግል ከአየሩ ኦክስጅን ወስዶ ወደዚያ ጥቁር ኦክሳይድ ተመልሷል፤ ሁሉም ቢለወጥ ኖሮ 2.5 በደረሰ። የተረፈ ዚንክም ሳይኖርበት አይቀርም። በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አረፋው እስኪቆም እጠቢው ብያት ነበር፤ የምትጠብቅ ልጅ ግን አይደለችም።

ይህን ከማስረዳቴ በፊት አፌ ላይ የመጣው ምን መሰለህ? «1.96 ብለሽ ጻፊ።»

እንግዲህ... እንዴት እንደምለው። ያን ቀን አንተ ቧንቧው ጋ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ ከሰማያዊው እርጎ ሲሶውን ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁት። መጨረሻ ላይ የቀረን 1.31 ነበር። መዝነህ ስላልነበር 1.96ን ከራሴ አውጥቼ ጻፍኩት። መምህራችን አንተን አስነስተው አስጨበጨቡልህ፣ ስም ወጣልህ፣ እኔም በዚያው ስም ስጠራህ ኖርኩ። ታውቅ ነበር እንዴ? አንዳንዴ ስጠራህ የምትስቃት ሳቅ አታስተማምነኝም ነበር።

ልጅቷ ግን 2.27ን እንደወረደ ጽፋ አስረከበችኝ። ከአሥር አሥር ሰጠኋት። እሷ እቴ፣ ካልደገምኩት አለች! ሐሙስ ትደግመዋለች፤ የኛ ማድረቂያ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። አንተ የምትሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ ማድረቂያ አለ ሲሉ ሰማሁ። ፈቃድ ማግኘቱ ቢያስቸግርህ አብሽር፣ የኮምቦልቻ ፀሐይ ይበቃናል፤ ብቻ ሳይቃጠል ቀስ ብሎ ይድረቅልን።

ቅዳሜ በጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ እመጣለሁ፣ መዳቡን በማጣሪያ ወረቀቱ ጠቅልዬ። ለልጅህም ትንሽ ነገር እይዛለሁ።

ስሟን ማን አላችኋት?