ሥራሽ ድሬ ደርሷል

ልጄ፣

እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከልቤ አልወጣም። «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ፕሮቲን ላይ አፍጥጬ ለአንድ በሽተኛ እንኳ ምን ጠቀምኩ? ብተወውስ?» አልሽኝ። ይሄ በስልክ የሚመለስ አይደለም ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ሐሙስ ጎረቤታችን መጡ። ጡታቸው ላይ ዕጢ እንደወጣባቸው ነግሬሻለሁ። የናሙናው ውጤት ከአዲስ አበባ ደርሶላቸው ወረቀቱን ዘረጉልኝ። «ባዮሎጂ ስታስተምሪ አይደል የኖርሽው፣ እስቲ ምን ይላል?» አሉኝ። «ሄር-2 ፖዘቲቭ» ይላል። ሐኪሙ አስረድቷቸው ነበር፤ ግን ያኔ ከድንጋጤያቸው የተነሳ ምኑንም አልሰሙ።

እኔ ገባኝ። የገባኝም አንቺ ከምትልኪልኝ ጽሑፍ ነው፤ ክፍል ውስጥ ሳስተምር ይሄ ነገር በመጽሐፋችን አልነበረም። ሴል ዝም ብሎ አይባዛም አልኳቸው። ከውጭ «ተባዛ» የሚል መልእክት ይመጣለታል። መልእክቱን የሚቀበሉ ፕሮቲኖች ደግሞ ከሴሉ ላይ ተተክለዋል፤ ሄር-2 የነሱ ወገን ነው። በእርስዎ ዕጢ ላይ ይህ ፕሮቲን ከልክ በላይ ስለበዛ ሴሉ ሳይታዘዝ ይባዛል። እሱን ለይቶ የሚይዝ መድኃኒት ግን አለ፣ ስላቸው ቀና አሉ። «መድኃኒት አለ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ።

መድኃኒቱ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ። ሰው ሲደክመው የሚያውቀውንም ይረሳልና እኔው ላስታውስሽ። ስታንሊ ኮኸን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ምራቅ ከሚያመነጨው የአይጥ ዕጢ ያወጣውን ፈሳሽ ገና ለተወለዱ አይጦች ሲወጋ፣ ዓይናቸው ከጊዜው ቀድሞ ተገለጠ። ገረመውና ተከታተለው። በፈረንጆች 1962 ያንን ያደረገውን ፕሮቲን አጣርቶ ማውጣቱን አሳተመ። ነገሩ ያኔ የካንሰር ጥናት አልነበረም፤ የአይጥ የዓይን ቆብ ነበር! በ1984 ደግሞ ዶሮ ላይ የደም ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ የተሸከመው ጂን፣ የኮኸንን ፕሮቲን ከሚቀበለው ፕሮቲን የተቆረጠ ሆኖ ተገኘ። የዚያው ተቀባይ የቅርብ ዘመድ ነው ሄር-2። በ1987 ሐኪሙ ዴኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ የሄር-2 ጂን ቅጂ የበዛባቸው የጡት ካንሰር ሕሙማን በሽታው ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው አሳዩ። በ1998 ሄር-2ን ለይቶ የሚይዘው መድኃኒት ትራስቱዙማብ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፤ በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው።

ኮኸንን ያን ጊዜ «የአይጥ ዓይን ለድሬዳዋ ሴት ምን ይጠቅማታል?» ብለው ቢጠይቁት ምን ይል ነበር? የሚመልሰው ያለው አይመስለኝም። አንቺም የምትመልሺው ስላጣሽ ብቻ ሥራሽ ከንቱ ነው ማለት አይደለም።

አንቺ ያፈጠጥሽበት ፕሮቲን፣ ኬ-ራስስ? እሱ ከሚመደብበት «ራስ» (RAS) ከሚባለው የጂን ቤተሰብ ውስጥ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ሴሉን ወደ ካንሰር እንደምትወስደው የታወቀው በ1982 ነው። ፕሮቲኑ እንደተበላሸ ማብሪያ ማጥፊያ በርቶ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ለስንት ዓመት «መድኃኒት የማይይዘው» እየተባለ ቀረ። በ2013 የኬቫን ሾካት ቤተ ሙከራ አንዱ የኬ-ራስ ዓይነት ላይ መድኃኒት የሚገባበት ኪስ አገኘ፤ በ2021 እዚያ ኪስ የሚገባው መድኃኒት ሶቶራሲብ ለሳንባ ካንሰር ተፈቀደ። ያም ሆኖ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ ሌላ መንገድ ፈልጎ ይመለሳል። አንቺ ሌት ተቀን የምትፈልጊው ያንን መንገድ አይደል እንዴ? ታዲያ ማን ይፈልገው?

አንድ ነገር ግን አልክድሽም። መድኃኒት መኖሩ ሌላ፣ የኛ ሰው እጅ መግባቱ ሌላ ነው። ዋጋው ውድ ነው። ለጨረር ሕክምና አገሩ ሁሉ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ደጅ ሲጠና የኖረበትን ጊዜ አንቺም ታስታውሺያለሽ። ሰዉም ቢሆን ስሙን ላለመጥራት «ያ በሽታ» እያለ፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው ከረፈደ ነው። የምትናደጂው በዚህ ከሆነ አብሬሽ እናደዳለሁ። ንዴትሽን ግን ቤተ ሙከራሽ ላይ አትወጪው፤ እሱ ምን አደረገ?

ድካም ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ፈቃድ ጠይቂና ለቁልቢ ነይ። ታህሳስ ላይ የድሬ ሙቀትም ጋብ ይላል። ከዚራ ዛፎቹ ሥር እንቀመጣለን፣ ትተኛለሽ፣ ትበያለሽ። ስለ ፕሮቲን ማንም አይጠይቅሽም፤ ከጎረቤታችን በቀር።

የሳቸው ጥያቄ እነሆ። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የልብ ምርመራ ታዞላቸዋል፤ ከተጀመረም በኋላ ልባቸው እየታየ ነው የሚቀጥለው። «የታመመው ጡቴ፣ ልቤን ምን አድርጉ ነው?» እያሉ እንቅልፍ አጥተዋል። የልብ ጡንቻም ሄር-2 እንደሚያስፈልገው፣ መድኃኒቱ ልብን ሊያደክም ስለሚችል እንደሚከታተሉት አንብቤያለሁ። ሳላስፈራ እንዴት እንደምነግራቸው ግን አላውቅበትም። ቴሌግራም ላይ በድምፅ ላኪልኝ፣ በቀላል አማርኛ፣ ቀስ ብለሽ። ሰኞ ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው፤ ከዚያ በፊት ይስሙት።

እናትሽ
ድሬዳዋ