ቢሯችንን ላሸጉት ክቡር ኃላፊ፦ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡን

ክቡር ኃላፊ፣

ሰላምታዬ አጭር ነው። በሁለቱ ደብዳቤዎቼ ላይ ረጅም ሰላምታ ጽፌ ነበር። መልስ አላመጣልኝም።

ስምዎን አልጠራም። የመሥሪያ ቤትዎንም አልጠራም። ሲያነቡት ይገባዎታል። እኔን ግን ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ ላስታውስዎት። ጥቅምት ላይ በነበረው የወጣቶች ኤግዚቢሽን ጠረጴዛችን ጋ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል። «በርቱ፣ የድሬ ኩራት ናችሁ» ብለውናል። ፎቶው እስከ ዛሬ ገጻችሁ ላይ አለ። ከኋላዎ «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚል ባነር ይታያል። ከባነሩ ሥር፣ በእኛ ስክሪን ላይ በትልቁ የተጻፈው ቃል «ዱቤ» ነው። ያን ቀን ቃሉ ጥፋት አልነበረም።

ለሌላው አንባቢ ነገሩን ከሥሩ ልንገረው።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ሰፈራችን ሳቢያን አንድ ባለሱቅ አሉ። ሁሉም ሰው ሐጂ ነው የሚላቸው። ድሮ ሱቃቸው ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። በ1998 ክረምት ጎርፉ ሌሊት መጥቶ ጠራርጎ ወሰደው። ያ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የቀጠፈ ነውና ሐጂ ስለጠፋባቸው ዕቃ ማውራት ያፍራሉ። የሚያነሡት አንድ ነገር ብቻ ነው። የዱቤ ደብተራቸው አብሮ ሄደ። ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቀው ደብተሩ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ «ሐጂ፣ ይህን ያህል ነበረብኝ» እያሉ ከፈሉ። ሁሉም አይደሉም። ቤቱ የሄደበት ከየት ያመጣል? «ወላሂ ልጄ፣ የሞተው ሰው ስንት እንደነበረበት እንኳ አላውቅም፤ ይቅር ልለው ብፈልግ ቁጥሩን አላውቀውም» ይሉኛል።

እኔ ይህን እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ዩኒቨርሲቲ ስንጨርስ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ደብተሩን ስልክ ላይ ሠራነው። በቃ፣ ይኸው ነው ሥራችን። ባለሱቁ «2 ኪሎ ሩዝ፣ 1 ፓስታ» ብሎ ደንበኛው ስም ላይ ይመዘግባል። ደንበኛው አጭር መልእክት ይደርሰዋል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ፣ ራሱ በመረጠው። ሲከፍል በእጁ ወይም በቴሌብር ለባለሱቁ በቀጥታ ይከፍላል። አንዲት ሳንቲም በእኛ በኩል አታልፍም። ባለሱቁ በየወሩ ትንሽ ይከፍለናል። ደብተር ቢገዛም ይከፍል ነበር።

ማኅበር አቋቋምን። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ በአዲሱ የንግድ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት። ምዝገባው በኦንላይን አለቀ። ፈቃዱ ወጣ፤ መደቡ ሶፍትዌር ማልማት። እውነቱን ለመናገር እዚህ ድረስ ያስቸገረን ሰው የለም። እንዲያውም «ቢሮክራሲ ምናምን የሚሉት ወሬ ነው» ብዬ ለጓደኞቼ አውርቻለሁ። ምላሴን በቆረጠው።

ኅዳር ላይ አንድ ባለሙያዎ መጣ። ቢሯችን ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መጀመሪያ «ዕቃችሁ የት ነው?» አለን። ላፕቶፖቹን አሳየነው። «የምትሸጡትን ነው የምላችሁ» አለ። ከዚያ ስክሪኑን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ዱቤ ማለት ብድር ነው። ብድር የባንክ ሥራ ነው። የባንክ ፈቃድ አላችሁ?»

የሳቅን መስሎት ተቆጣ። አልሳቅንም። ደንግጠን ነው። ክቡር ኃላፊ፣ አበዳሪው ባለሱቁ ነው። ሩዙ የእሱ ነው፣ ዕዳው የእሱ ነው፣ ሲካድም የሚከስረው እሱ ነው። እኛ ደብተሩ ነን። ዱቤ የሚጻፍበትን ደብተር የሸጠ ሁሉ ባንክ ከሆነ፣ መጋላ ሰፈር ገብታችሁ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆችን አሽጉ። ባለ 50 ሉክ ደብተር የሚሸጡት ማይክሮፋይናንስ፣ ባለ 100 ሉኩን የሚሸጡት ባንክ ይሁኑ።

ብሔራዊ ባንክ በ2012 ባወጣው መመሪያ የዲጂታል ገንዘብ ሒሳብ ከፍቶ የሰው ገንዘብ የሚይዝ ድርጅት 50 ሚሊዮን ብር ካፒታል እንዲኖረው ጠይቋል። አልቃወምም። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው ሊጠየቅ ይገባል። እኛ ጋ ግን ያለው የሰው ገንዘብ ሳይሆን የሰው ስምና ቁጥር ነው። እሱም የራሱ ሕግ አለው፤ ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ባለሙያዎ «ከሚመለከተው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ፈቃድ አያስፈልጋቸውም የሚል ደብዳቤ አምጡ» አለን። ጥር ላይ አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ሄድኩ። አንድ ትሁት ሰውዬ አዳመጠኝ። «ገንዘብ ካልያዛችሁ እኛ ጋ ምን ሥራ አላችሁ?» አለኝ። ተደሰትኩ። ይህንኑ በደብዳቤ ጻፉልኝ ስለው ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ እኛ የምንቆጣጠራቸውን ነው የምንጽፍላቸው። ለማንቆጣጠረው ሁሉ አንቆጣጠርህም ብለን ብንጽፍ አገር ይበቃናል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ደጅ ጥናት ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ደብዳቤ አስገብቼ ነበር። ከአዲስ አበባ ስመለስ ደግሞ የካቲት ላይ ሁለተኛውን። በመጀመሪያ በኢሜይል ነበር የላክሁት። «ኢሜይል ደብዳቤ አይደለም፣ አትመሽ አምጪ» ተባልኩ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ይላል። ይህን ለመዝገብ ቤቷ ልጅ ስነግራት «እሱን ለኃላፊው ንገሪው» አለችኝ። ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ነገ ነይ። ነገም ስብሰባ ነው። ሐጂ ሱቅ ግድግዳው ላይ የቆየች ወረቀት ተለጥፋለች፦ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይሞክሩ»። እሳቸው ግን ወረቀቷ ሥር ቁጭ ብለው ዱቤ ይሰጣሉ። እናንተ ጋ ወረቀቷ የለችም እንጂ አሠራሩ አለ።

አሁን ወደ ግንቦት 12 ልምጣ።

ማክሰኞ ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ። እኔ ከታች ሻይ ልጠጣ ወርጃለሁ። ሁለቱ ጓደኞቼ ሐጂ ሱቅ ናቸው። ስመለስ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ታሽጓል» ይላል። ማኅተም አለው። ቀን የለውም። ቁጥር የለውም። የተጣሰው አንቀጽ አልተጻፈም። ሦስት ሰዎች ደረጃው ላይ ቆመዋል። «ላፕቶፖቹን ላውጣ» አልኩ። «ከታሸገ በኋላ አይከፈትም» አሉኝ። «ስልኬን ብቻ» አልኩ። እሱም አይሆንም።

ስልኩ የግል ስልኬ ቢሆን ኖሮ አላለቅስም ነበር። የሥራው ስልክ ነው። መዝገቡ ወደተቀመጠበት ሰርቨራችን ለመግባት የሚስጥር ቁጥሩ የሚመጣው እዚያ ሲም ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ ትቼው መውረዴ የእኔ ጥፋት ነው፤ አምኛለሁ። ቢሮ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ እንደሚታሸግ ማን ይገምታል?

ከሦስቱ አንዱ በዚያ ሁሉ መሐል ጠጋ ብሎ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? በሹክሹክታ፣ የአንድ ጎረቤቱን ስም ጠርቶ «እሱ ስንት አለበት?» አለኝ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። አልነግርህም አልኩት። «ታዲያ ምን ትደብቃላችሁ?» አለኝ። አቦ! የምንደብቀውማ ይህንኑ ነው። የጎረቤትህን ዕዳ ከአንተ።

ሰኞ ማታ ፕሮግራሙ ላይ አንድ ስሕተት አግኝተን ነበር። አንዳንድ መስመሮችን ሁለቴ ይደምራል። ማክሰኞ ልናስተካክለው ነበር። አልቻልንም። ሰርቨሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ ይሠራል፤ እኛ ግን መግባት አንችልም። የጠፋብንን ሲም ለማስመለስ በማኅበሩ ስም የወጣ ስለሆነ ዋናው የንግድ ፈቃድ ይቅረብ ተባልን። ዋናው ፈቃድ የት ነው? በሕጉ እንደታዘዝነው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በታሸገው ክፍል ውስጥ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት እናት 3,200 ብር የነበረባት 6,400 ብር አለብሽ የሚል መልእክት ደረሳት። መልእክቱን ያየው ባሏ ነው። ከዚያ የሆነውን አልጽፍም፤ የቤታቸው ጉዳይ ነው። እኔ ግን ቤታቸው ድረስ ሄጄ፣ በእጄ በወረቀት ላይ ደምሬ፣ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእሷ እንዳልሆነ ለባሏ አስረድቻለሁ። ሰውየው ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ለምን አታስተካክሉትም?» አለኝ። ታሽገን ነው አልኩት። ሌቦች የሆንን መሰለው። የታሸገ ቤት ሰው ሲያይ ሌላ ምን ያስባል?

ክፍሏ የተከፈተችው ከ23 ቀን በኋላ ነው፣ ሰኔ 5። ግንቦት በድሬ፣ በተዘጋ መስኮት። የአንዱ ላፕቶፕ ባትሪ አብጦ ክዳኑን ከፍቶታል። የ23 ቀኑን ኪራይ ከፍለናል። 14 ባለሱቆች ጥለውን ሄደዋል። ሐጂ አልሄዱም።

እንዴት እንደተከፈተ ግን መነገር አለበት። ምርመራ አልተደረገም። ሕግ አልተጠቀሰም። አንድ ወረቀት ፈርሚ ተባልኩ። ወረቀቱ «ዱቤ የሚለውን ቃል ከመተግበሪያው ላይ አጠፋለሁ» ይላል። አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሌላ ነገር የለውም። አሠራሩ ይለወጥ አይልም። ቃሉ ብቻ። ፈረምኩ። ክፍሏ ተከፈተች። በዚያው ማታ «ዱቤ» የሚለውን «ማስታወሻ» በሚል ተካነው። ሥራው ያው ነው፣ ሩዙ ያው ነው፣ ዕዳው ያው ነው። ባንክ መሆናችን ቀረ። ሐጂ በማግሥቱ ደውለው «ልጄ፣ ዱቤው የት ሄደ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው?

የፈረምኩት ወረቀት ቅጂ ይሰጠኝ ስል አይሰጥም ተባልኩ።

ክቡር ኃላፊ፣ ነገሩ ያለው እዚች ላይ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ን እርስዎ ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍ ይሁን፣ ምክንያቱ ይገለጽ ይላል። ቅር ያለው ሰው አቤት ይበል፣ ካልሆነም ፍርድ ቤት ያስመርምር ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። የሕግ ባለሙያ ጋ ሄጄ ላስመርምር ስለው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ «የትኛውን ውሳኔ?» ቀን የሌለው ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ተነሥቷል። ቅጂ የሌለው ወረቀት ፈርሜያለሁ። ከዚያ በቀር ሁሉም ነገር በአፍ ነው። በአፍ የተከለከለ ሰው ይግባኝ የሚለው ለማን ነው? እናንተ ስትጠይቁን «በሃርድ ኮፒ፣ በማኅተም» ትላላችሁ። እናንተ ስትከለክሉ ቃል ይበቃችኋል።

ከተማችን የአገሪቱን የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጠና በ2014 ከፍታለች። ደስ ይላል። ግን ኮንቴይነር ስላለን ብቻ አይደለም ሥራ የሚፈጠረው። ከእኔ ጋር የተመረቁ ልጆች ማኅበራቸውን አዲስ አበባ ያስመዘግባሉ። አንዱ ጓደኛችን አሜሪካ፣ ዴላዌር የሚባል ግዛት ኩባንያ ከፍቻለሁ ይለኛል። አይቶት አያውቅም። ድሬ ሳለች ዴላዌር ምን ያደርግልሃል ስለው «እዚያ የሚከለክሉህን ይጽፉልሃል» አለኝ። ተናድጄበት ነበር። አሁን አልተናደድኩም።

አሁን ሐምሌ ነው። የፈቃድ እድሳት ተጀምሯል። መስኮት ላይ ያለው ልጅ ፋይላችንን ከፍቶ «እናንተ እኮ እይታ ላይ ናችሁ» አለኝ። የማን እይታ? ምኑን? አያውቅም። ኃላፊውን ጠይቂ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ውለታ አልጠይቅዎትም። ሦስት ወረቀቶች ብቻ ነው የምፈልገው። ቢሯችን የታሸገበት ውሳኔ፣ ከነአንቀጹና ከነቀኑ። የፈረምኩት ወረቀት ቅጂ። እድሳታችን የተያዘበት ምክንያት። ውሳኔው ትክክል ከሆነ መጻፉ ምን ያስፈራል?

ሰኞ ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል መዝገብ ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ። ይህን ደብዳቤም አትሜ አመጣለሁ፣ ገቢ ይደረግልኝ። ሐጂም አብሬሽ እመጣለሁ ብለዋል። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃው ላይ ወንበር ቢኖር ጥሩ ነው።

ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ
ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 2017