የሳይንስ ክበብ፦ ጠብታው ለምን ዓይን ውስጥ?

የዘንድሮው ሥራችን የተነሣው ከአንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባል ጥያቄ ነው። «ፈንግል ዶሮዋን ትንፋሽ ያሳጥራታል። ታዲያ ክትባቱን ለምን ዓይኗ ውስጥ ያንጠባጥባሉ?» መልሱን ዓመቱን ሙሉ አብረን እንድንፈልገው ተስማማን።

ምልክቱን ማስረዳት አላስፈለገኝም። አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የሚጠመዘዝ አንገት፤ ከአዘዞ የሚመጡት ልጆች አሳምረው ያውቁታል። ያላዩት የሰውነቷን ትግል ነው። የፈንግል ቫይረስ መተንፈሻዋ ላይ ሲያርፍ ቀድመው የሚደርሱት ማክሮፌጅና ሄትሮፊል የተባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ናቸው። ቲ-ሕዋሳት በቫይረሱ የተያዙትን ሕዋሳት ይገድላሉ፤ ቢ-ሕዋሳት ቫይረሱን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል ያመርታሉ። ይህ ግን ቀናት ይፈጃል፤ ኃይለኛው ፈንግል ደግሞ ፋታ አይሰጥም። ክትባቱ በሽታው ሰፈር ሳይገባ መሰጠት ያለበት ለዚህ ነው።

ልጆቹን ከሁሉ ያስደነቃቸው የዶሮ ደም ነው። ለወባ ምርመራ በሚያገለግለው ጂምሳ በተባለ ማቅለሚያ አቅልመን በማይክሮስኮፕ አየነው። ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሞላላ ናቸው፤ እንደ ሰው ሳይሆን መሃላቸው ኒውክለስ አለ። አልፎ አልፎ በቀያይ ዘንጎች የተሞላ ሄትሮፊል ብቅ ይላል። ደወል ተደውሎም የሚነሣ ጠፋ!

ለፋሲካ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፦ ዶሮ ሲበለት ከጅራቷ ሥር ወደ ውስጥ ያለችውን ቡርሳ የምትባል ከረጢት ፈልጉ። አብዛኞቹ ባዶ እጃቸውን መጡ። ቡርሳ ዶሮው ሲደርስ እየሟሸሸች ትጠፋለች፤ ለበዓል የሚታረደው ደግሞ የደረሰ አውራ ነው። አንድ ልጅ ግን ከቄብ ያገኛትን በአልኮል ጠርሙስ ይዞ መጣ። ስንሰነጥቃት ውስጧ እጥፍ በእጥፍ ነው። ቢ-ሕዋሳት የሚያድጉት እዚያ ነው። ተመራማሪው ብሩስ ግሊክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ቡርሳቸው የወጣ ዶሮዎች ፀረ እንግዳ አካል መሥራት እንደሚሳናቸው አሳይተዋል። ጉምቦሮ የተባለው የዶሮ በሽታም ቡርሳን ስለሚያጠፋ፣ በጫጩትነቷ የተያዘች ዶሮ የፈንግል ክትባት በደንብ አይዝላትም።

የልጅቷም መልስ ተገኘ። ከዶሮ ዓይን ጀርባ ሃርደሪያን የሚባል፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱ ሕዋሳት የሞሉበት ዕጢ አለ። ጠብታው እሱን ያነቃል፤ የቀረው በእንባ ቱቦ ወደ አፍንጫዋ ይወርዳል። መከላከያው ቫይረሱ በሚገባበት ቦታ ይጠብቃል ማለት ነው።

ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። አንዱ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላም አይቆይም። ስለዚህ ጎረቤት ተሰባስቦ ቢያስከትብ ይሻላል። በሚቀጥለው ዓመት አባሎቻችን በየሰፈራቸው ዶሮ አርቢዎችን ያስተባብራሉ። ወላጆች ሆይ፣ በራችሁን ሲያንኳኩ ተቀበሏቸው።