ለሚጣዬ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ይድረስ ለምወድሽ ለሚጣዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እናትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሁለት ዓመት ጠፋሁብሽ። ረስቼሽ አይደለም። የላክሽልኝ ረጃጅም መልእክቶች ሁሉ ስልኬ ላይ አሉ። አንብቤ እስክጨርስ ቀኑ ይመሻል፤ መልስ ልጻፍ ስል ደግሞ ስሕተቴን እንዳታዪብኝ እፈራለሁ። ስትደውዪም "ለምን አልጻፍሽልኝም?" እንዳትዪኝ ብዬ አላነሳም። ካንቺ መደበቄ ይቆጨኛል።

አሁን ስሙን አወቅኩት። ዲስሌክሲያ ይባላል፤ ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግር ነገር ነው፤ ስንፍና አይደለም። የተነገረኝ በ24 ዓመቴ ነው።

እዚህ ማታ ማታ ኮሌጅ እማራለሁ። ሁለት ኮርስ ስወድቅ አንዷ አስተማሪ "በቃልሽ የምትመልሺው ሌላ፣ ወረቀትሽ ሌላ፤ እባክሽ ተመርመሪ" አለችኝ። ሄድኩ። ትርጉም የሌላቸው ቃላት አስነበቡኝ። ቁጥር እየጠሩ ወደ ኋላ ድገሚ አሉኝ። የቀለማት ተርታ አሳይተው ቶሎ ቶሎ ጥሪ አሉኝ። ቀለሙን አውቀዋለሁ፤ ስሙ ነው የሚዘገይብኝ።

"እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻዬ ስላልሆነ ነው" ብዬ ተከራከርኩ። መርማሪዋ "በራስሽ ቋንቋስ ልጅ ሳለሽ እንዴት ነበርሽ?" አለችኝ። ቄስ ትምህርት ቤቱ ትዝ አለኝ። ሀ ሁ ሂን ከላይ እስከ ታች እንደ መዝሙር እወርደው ነበር። የኔታ በጭራሮ "ሞ"ን ብቻ ሲነኩ ግን ከ"መ" ተነስቼ ካልቆጠርኩ አላገኛትም። ለካ ዓይኔ ላይ ምንም የለም። ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማገናኘቱ ነው የሚከብደኝ።

እማዬ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ስንት ጠበል አመላለሰችኝ! አልቀየማትም። ሌላው ሁሉ ሰነፍ ሲለኝ ልጄ ሰነፍ አይደለችም ያለችው እሷ ናት። እሷና አንቺ።

የታሪክ ደብተርሽን ጮክ ብለሽ ስታነቢልኝ ትዝ ይልሻል? እኔ ሰምቼ በቃሌ እይዘው ነበር። ለካ እንደኔ ያለ ልጅ ድሮም ነበር፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ማንበብ ስላቃተው የ14 ዓመት ልጅ ጽፏል። የልጁ መምህር፣ ትምህርቱ በቃል ብቻ ቢሆን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ እሱ ነበር ብሎ ነበር። ይህን ስሰማ አለቀስኩ። አንቺ መጣሽብኝ።

መጀመሪያ ቀለል አለኝ። በሳምንቱ ተናደድኩ፤ ክፍል ፊት አቁመው ያስነበቡኝ ቀናት ሁሉ ተመለሱብኝ። ከዚያ ኮሌጁ እገዛ የምጠይቅበት ፎርም ሰጠኝ። "ጉዳተኛ" የሚለውን ቃል ሳይ እጄ አልፈርም አለ። ሦስት ሳምንት ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። እዚህ አገር በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ የጉዳተኞች መብት ሕግ አለ፤ ከፈረምኩ የአንድ ሰዓት ፈተና አንድ ሰዓት ተኩል ይሆንልኛል፤ መጽሐፉንም በድምፅ ይሰጡኛል። ፈረምኩ። አሁን አውቶቡስ ላይ ባዮሎጂ እየሰማሁ ሥራ እሄዳለሁ። ማንበቡ ዛሬም ያደክመኛል። ያ አልተለወጠም።

ሚጣዬ፣ አንቺ አሁን አስተማሪ ነሽ። ክፍልሽ ውስጥ ስትጠይቂ እጁን ቀድሞ የሚያወጣ፣ አንብብ ስትዪው ግን ሆዴን አመመኝ የሚል ልጅ ካለ፣ እባክሽ ሰው ፊት አታስነብቢው። ለብቻው ጥሪው። ጥያቄውን አንብበሽለት በቃሉ ይመልስልሽ።

ይህን ለመጻፍ አራት ማታ ፈጅቶብኛል። የተሳሳተ ፊደል ካየሽ አልፈሽው አንብቢ። መልሱን ግን በድምፅ ላኪልኝ፤ ድምፅሽ ናፍቆኛል።

ያንቺው