ስለ ጠባብ ኢታሊክ ፊደል ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ለሌብልና ለስቲከር ከምትልኩልን ፋይሎች ብዙዎቹ ጽሑፋቸው በማውስ ተጎትቶ የጠበበ፣ ኢታሊክ ተደርጎም የተጋደመ ነው። እኛ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሳናስተካክል ማተም አይሆንልንም። ምክንያቱን ብታውቁልን ደስ ይለናል።

ጠባብ ኢታሊክ በራሱ ግሩም ፊደል ነው። ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ይይዛል፣ ዘንበል ማለቱም ከጎኑ ካለው ጽሑፍ ይለየዋል። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ እኛ የምንወደው ዩኒቨርስ 58 የተባለውን ፊደል ነው። የዩኒቨርስን የፊደል ቤተሰብ የሠራው ስዊዘርላንዳዊው አድሪያን ፍሩቲገር ሲሆን፣ በ1957 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ፍሩቲገር ለእያንዳንዱ ዓይነት ቁጥር ሰጠው። የመጀመሪያው አሃዝ ውፍረቱን፣ ሁለተኛው ስፋቱንና አቋሙን ይናገራል። 55 መደበኛው ነው፣ 56 እሱው ዘመም ብሎ፣ 57 ጠባቡ፣ 58 ጠባብም ዘመምም ያለው። አፕል ለዓመታት የኪቦርድ ቁልፎቹን የጻፈው በዚሁ ቤተሰብ ጠባብ ኢታሊክ ነበር። የጣት ጫፍ በምታህል ቁልፍ ላይ ሙሉ ቃል አርፎ በደንብ ይነበባል!

ይህ የሆነው እያንዳንዱ ፊደል ጠባብ ተደርጎ ስለተሳለ ነው። መደበኛውን ፊደል በማውስ ስትጎትቱት ቋሚ መስመሮቹ ይሳሳሉ፣ አግድሞቹ ግን እንደነበሩ ይቀራሉ። ኮምፒውተሩ ሲያጋድመውም ችግር አለ። የእንግሊዝኛዋን ኦ አጉልታችሁ እዩዋት፤ ከላይ በቀኝና ከታች በግራ ትወፍራለች፣ በሌሎቹ ሁለት ማዕዘኖች ትሳሳለች። ጎበዝ ሠዓሊ ይህንን አንድ በአንድ በእጁ ያርመዋል።

በአማርኛ ነገሩ ይብሳል። የሌ እና የቤ ቀለበት ሲጨፈለቅ በቀለም ይደፈናል። ባ እና ቦ የሚለዩት በየትኛው እግር መርዘም ነው። እግሮቹ ተጠጋግተው፣ በዚያ ላይ ተጋድመው፣ በትንሹ ሲታተሙ አንባቢ ይቸገራል። የመድኃኒት አወሳሰድ ወይም የምግብ ግብዓት የሚያነብን ሰው ማስቸገር ደግሞ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ ቦታ ሲጠበን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለውን የግዕዝ ፊደል እንጠቀማለን። ጠባብ ሆኖ የተዘጋጀ ዓይነት አለው፣ ኢታሊክ ግን የለውም፤ እኛም በግድ አናጋድመውም። አንድን ቃል ማጉላት ከፈለጋችሁ ቦልድ ይበቃል። ቀለም መቀየርም ያምራል። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቅዱሳን ስሞችን በቀይ ቀለም ይለዩ የለ?

እባካችሁ ከዚህ በኋላ ጽሑፉን ሳትጎትቱ እንዳለ ላኩልን። የሌብሉን ወርድና ቁመት በሚሊሜትር ጻፉልን፤ የትኛው መስመር የግድ መግባት እንዳለበትም ንገሩን። ካልበቃ ደውለን አብረን እናሳጥረዋለን። ለዚህ ሥራ ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኅትመትና ዲዛይን ክፍል