በደመወዛችን የተጠቀለለ ኦቾሎኒ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ከታክሲ ወርጄ፣ መንገድ ዳር ከተቀመጡ አንዲት እናት የሃያ ብር ኦቾሎኒ ገዛሁ። ብሎኬ ጋ ስደርስ አልቋል። ወረቀቱን ልጥል ስል ዓይኔ አንድ ስም ላይ አረፈ። የማውቀው ስም ነው፤ እኛ ጋ ግምጃ ቤት የሚሠራ ልጅ። ዘርግቼ ሳየው የሠራተኛ ማኅበራችን መዋጮ የተቆረጠበት ዝርዝር! ስም እስከነአያት፣ ደመወዝ፣ ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ጥጉ ላይ ከተቀደዱት ሁለት ሰዎች በቀር ሁሉም ይነበባል።

ሴትየዋ ምን ያድርጉ፣ ወረቀት በኪሎ ነው የሚገዙት። ያንን ወረቀት በኪሎ የሸጠው ማን ነው?

የመንግሥት ልማት ድርጅት ሠራተኛና የማኅበር አባል ነኝ። ስሜን አልጽፍም። ስማችን ተበተነ እያልኩ ራሴ ጋዜጣ ላይ ባወጣው ያስቃል።

ነገሩ ደግሞ ወረቀት ብቻ አይደለም። ለማኅበሩ አመራር ምርጫ ሲደረግ የአባላት ዝርዝር እንዳለ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፣ አንዱ በሞባይል አነሳው፣ ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ነበር። ከዚያ ስልክ ጀመረ። «ከባንክ ነው፣ የገባልዎትን ኮድ ይንገሩን።» አንዲት የጽዳት ባልደረባችን ነገረቻቸው፣ የወር ደመወዟ እንዳለ ሄደ። ከዝርዝሩ ነው ያገኙት ብዬ አልምልም፤ ግን ደዋዩ የምትሠራበትን ክፍል ሳይቀር ያውቅ ነበር።

የእኔ አለቃም አንድ ቀን «አንተም ከነሱ ጋር ነህ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። ሳቁ አልጣመኝም።

መዋጮው ከደመወዜ እንዲቆረጥ ፈርሜያለሁ። የፈረምኩት እንዲቆረጥ ነው፣ እንዲለጠፍ አይደለም። ደመወዝ የሚሠራው ክፍል ማወቁ ግድ ነው፣ ማኅበሩም ስብሰባ ሲጠራ ስልኬን ይፈልጋል፣ ይሁን። ሌላው ምን አገባው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 መደራጀትን፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወታችንን ይጠብቅልናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እኛ ግቢ ግን ስለ አዋጁ የነገረን የለም።

አመራሮቻችን «ዝርዝር ካልተለጠፈ ምርጫው ተጭበረበረ ትላላችሁ» ይሉናል። እውነት አላቸው። ግን ለመራጭ ማጣሪያ ስምና የሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር ይበቃል። መዋጮው እዚያ ምን ይሠራል? በመቶኛ ስለሚሰላ የተቆረጠውን ያየ ሰው ደመወዙን በቀላሉ አስልቶ ይደርስበታል፣ አከራዩም አበዳሪውም። ያረጀው ወረቀት ደግሞ ከግቢ ሳይወጣ ይቆራረጥ። የመቆራረጫ ማሽን እኮ አለን፣ ቢሮ ውስጥ የአበባ ማስቀመጫ ሆኗል እንጂ።

በማግስቱ ወረቀቱን ለማኅበሩ ጸሐፊ ወሰድኩለት። አገላብጦ አየውና «አዎ፣ የኛው ነው» አለ። ከዚያ አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። መሳቢያው ቁልፍ የለውም።

አንድ አባል
ከቱሉ ዲምቱ